የቆርቆሮው ሣር

ሁለት ሰዎች በሣር ምክንያት ሲፈነካከቱ ቆሜ ስቄያለሁ። ይህን አስቀድሜ ልናገረው፤ ኋላ ስለ ራሴ ደግ ደጉን ብቻ እንዳላወራ።

መጋቢት ነበር። ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዙ ከታጨደ ቆይቷል፤ መሬቱ እንደ ገበሬ ተረከዝ ተሰነጣጥቆ፣ አብዛኛው ከብት ሣር ፍለጋ ወደ ጣና ዳር ወርዷል። በዚያ ሁሉ የደረቀ ሜዳ መካከል አንድ አረንጓዴ ቦታ ብቻ ነበር። ከፋብሪካችን የቆርቆሮ አጥር ሥር ተነሥቶ፣ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ድርቆሽ የሚያጭዱበትን መሬት አቋርጦ የሚሄድ፣ ስፋቱ አሥር እርምጃ የማይሞላ ሣር ነው። ቁመቱ ጉልበት ያልፋል፤ አረንጓዴነቱ ወደ ጥቁር ይወስደዋል።

የሽማግሌው ልጅ ሠላሳ ያለፈው ጎልማሳ ነው። የጎረቤታቸውን ጊደር ከሣሩ ላይ አገኛት። ጎረቤቱ ጊደሯን ሊመልስ ሲመጣ ልጁ ምንም ሳይናገር በሽመል ክንዱን አለው። አጥንት ሲሰበር ያን ያህል እንደሚጮኽ አላውቅም ነበር። ጎረቤቱ በደህና እጁ ድንጋይ አንሥቶ የልጁን ግንባር ተረተረው፤ ደሙ ዓይኑን ሞላው፤ እሱ ግን በደመ ነፍስ መማታቱን አላቆመም። እኔ ከማማው መሰላል ላይ ሆኜ ቁልቁል አያለሁ። አብሮኝ የነበረው ጥበቃ "ለሣር ብለው?" አለኝ። "ለነጻ ማዳበሪያችን ነዋ" አልኩትና ሳቅሁ። እሱም ሊስቅ ሞክሮ ሳሉ አላስችል አለው።

ስለዚህ ማዳበሪያ ልንገራችሁ። ፋብሪካው ለስላሳ መጠጥ የሚሞላ ትንሽ ነገር ነበር፤ ከወረታ ወጣ ብሎ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው መንገድ ዳር። መንግሥት ተለውጦ፣ ባለሀብትና ኢንቨስትመንት የሚሉት ቃላት ገና ትኩስ በነበሩበት ጊዜ ነው የተተከለው። እኔ ከሸዋ የሙያ ትምህርት ቤት ወረቀቴን ይዤ መጥቼ የጋዝ ማማው ኦፕሬተር ሆንኩ። ለስላሳ የሚጠጣ ሰው አረፋው ከየት እንደሚመጣ አይጠይቅም። እኛ የምናወጣው ከጭስ ነበር። ናፍጣ እናቃጥላለን፤ ጭሱ በረጅሙ የብረት ማማ ውስጥ ሽቅብ ሲወጣ አሚን የሚባል ፈሳሽ ከላይ ይወርድበታል፤ አሚኑ የጭሱን ካርቦን ይይዛል። ፈሳሹን መልሰን ስናፈላው የያዘውን ይለቃል፤ ያ ንጹሕ ጋዝ ወደ ጠርሙስ ይገባል። ዛሬ ዛሬ፣ የዓለምን ሙቀት ለመቀነስ ይህንኑ ሥራ በትልቁ እንሥራው ሲባል በሬዲዮ እሰማለሁ። ይሥሩት፤ ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። እኔ የማውቀው የወረታውን ብቻ ነው።

የወረታው ማማ ያረጀ፣ ከሌላ አገር ተነቅሎ የመጣ ነበር። የተረፈው ጭስ ከላይ ሲወጣ ብቻውን አይወጣም፤ አሚኑን በጤዛ መልክ ይዞት ይወጣል። ሽታው የከረመ ዓሣና የበረት ሽንት ተደባልቆ ነው። ነፋስ በሌለበት ማለዳ ወርዶ ሣሩ ላይ ያርፋል። ዓይናችን ሁልጊዜ ቀይ ነበር። የጥበቃው መዳፍ እንደ ሽንኩርት ይላጥ ነበር፤ ሳሉ ደግሞ አንዴ ከያዘው ግድግዳ ያስይዘዋል። ሽማግሌው ከአጥራችን ሥር የሰቀሏቸው ሁለት ቀፎዎች ባዶ ቀሩ። ፈሳሹ ሲያረጅ እንደ ሬንጅ ይጠቁራል፤ ያን ጊዜ ቫልቩን ከፍተን ወደ ቦዩ እንለቀዋለን፤ ቦዩ በሽማግሌው መሬት በኩል አልፎ ወደ አውራ ጎዳናው ዳር ይወጣል። በቦዩ ውስጥ እንቁራሪት ከጮኸ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ሥራ አስኪያጃችን የነበረው መሐንዲስ ስለ ጭሱም ስለ ቦዩም ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ "እንፋሎት ነው" ይላል።

ሽማግሌው ጠይቀውኛል። ከጾም ውጭ ባለው ጊዜ ሁሉ በማለዳ ወተት ይልኩልኝ ነበር፤ ባዕድ ነው፣ ቤተሰብ የለውም ብለው። አንድ ቀን ቅሉን ሊቀበሉኝ መጥተው ቆሙና ወደ ማማው አንጋጠጡ።

"ልጄ፣ ይኸ ከላይ የሚወርደው ነገር ለከብት ምን አለው?"

"እንፋሎት ነው አባቴ። እንዲያውም ሣርዎን ይዩት፤ በነጻ ማዳበሪያ አገኙ ማለት ነው።"

"እንዲያ ነው እንዴ" አሉ። አመኑኝ። የተማረ ሰው ነኝ፤ ወተታቸውን ጠጥቻለሁ፤ ለምን አያምኑኝ?

ከጠቡ በኋላ የአገር ሽማግሌዎች ገብተው ሁለቱን አስታረቁ። የጎረቤቱን ክንድ ወጌሻ በቀርከሃ አሰረለት። ሲለያዩ ግን ጎረቤቱ ንዴቱ ስላልበረደለት ሰው ሁሉ እየሰማ "ያ ሣር አይበጃችሁም" አለ። የተናደደ ሰው የሚናገረው ተራ ነገር ነው። በዚያው ሳምንት ፈሳሹ ጠቁሮ ነበርና ቫልቩን ከፍቼ ቦዩ ውስጥ ለቀቅሁት። የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ በዚች በቀኝ እጄ።

ከዚያ ወዲያ አሥር ቀን ቢሆን ነው። ፈረቃዬን ልረከብ ስገባ ከሽማግሌው ግቢ ጩኸት ሰማሁና ሮጥኩ። ሽማግሌው ማለዳ ያንን ሣር አጭደው ለሦስት የሚታለቡ ላሞቻቸው ጥለውላቸዋል። አንደኛዋ ወድቃ እግሯን እያማታች ነበር። ሁለተኛዋ እንደ ሰካራም ትንገዳገዳለች፤ አፏን ከፍታ አየር ትስባለች፣ አየሩ ግን የማይገባላት ይመስል ነበር። ድዷ አመድ መስሏል። ሦስተኛዋን ሁለት ሰዎች ደግፈው ሊያቆሟት ሲሞክሩ በላያቸው ላይ ወደቀች፤ የአንዱን እግር ቀጠቀጠችው።

በክት ሳትሆን ብሎ ልጁ ቢላዋውን አወጣ። ዓቢይ ጾም ቢሆንም ሥጋው ደርቆ ለፋሲካ ይቆያል፤ ደግሞ ሌላ ምን ማድረግ ይቻላል። የመጀመሪያዋን አንገት ሲቆርጥ ሁላችንም ወደ ኋላ አፈገፈግን። ደሙ ቀይ አልነበረም። እንደ ጠላ አተላ ቡናማ ነበር፤ ወፍራም፣ የደፈረሰ። ልጁ እጁን አየ። ከዚያ እንደ እብድ ሆኖ ሁለተኛዋንም ሦስተኛዋንም አረደ፤ ቀይ ደም የሚፈልግ ይመስል ነበር። ከሦስቱም የወጣው ያው ነው። ሥጋውን የነካ ሰው የለም። ሽማግሌው መሬት ላይ ተቀምጠው የአንዷን ጡት በመዳፋቸው ያዙ፤ ወተቱ ይፈስ ነበር።

"መርዝ ነው" አለ አንድ ሰው። የሁሉም ዓይን ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ። ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ ከራሱ መሬት ላይ፣ ከሚያዋስናቸው ቀጋ ባሻገር፣ የታሰረ ክንዱን ታቅፎ ቆሟል። ልጁ በደም እንደ ተነከረ ዘለለበት። አንዴ ብቻ ነው የመታው፣ በጡጫ፤ ሰውየው ሲወድቅ ግን በታሰረው ክንዱ ላይ ነበርና ያ የሰማሁት ድምፅ ተደገመ። ልጁ ጉሮሮውን ያዘ። አምስት ሰዎች ተረባርበው፣ ጣቱን አንድ በአንድ ፈልቅቀው ነው ያላቀቁት። የአገር ሽማግሌዎቹ መካከል ገብተው "ባገር ይዘነዋል፤ አውጫጭኝ እንቀመጣለን" ባይሉ ኖሮ ያን ዕለት አልቆለት ነበር።

ወደ ፋብሪካው ተመልሼ ያየሁትን ለመሐንዲሱ ነገርኩት። ስለ ደሙ ቀለም ስነግረው ፊቱ አመድ ሆነ። በሩን ዘጋ።

"ሣሩ ነው" አለኝ። "አሚኑ መሬት ሲገባ ይበሰብስና ናይትሬት ይሆናል። ሣሩ ከልኩ በላይ ይጠጣዋል። ከብት ሲበላው ደሙ አየር መሸከም ያቅተዋል። ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ።"

"ታዲያ እንንገራቸው።"

"ንገራቸውና በዚሁ ቆርቆሮ ውስጥ ያቃጥሉን። አንተ ነህ ቫልቩን የከፈትከው፤ ስምህ መዝገቡ ላይ አለ።"

ያን ሰውዬ እጠላዋለሁ፤ እስካሁን እጠላዋለሁ። ግን አልዋሸም። የዚያን ልጅ ፊት አይቻለሁ። ፈራሁ። ሥራ ማጣትም ፈራሁ፤ ከሁሉም በላይ ግን ያንን ቢላዋ ፈራሁ።

አውጫጭኝ ማለት እንዲህ ነው። አገሩ ሁሉ ከዋርካ ሥር ይሰበሰባል፤ እያንዳንዱ ሰው በተራ ተነሥቶ "አላየሁም፣ አልሰማሁም" ብሎ ይምላል። ወንጀለኛው እስኪገኝ አርሶ የሚያድር፣ ገበያ የሚሄድ የለም። በግልጽ ለመናገር የፈራ ሰው ካለ ደግሞ ከተመረጡት ሦስት ሽማግሌዎች ለአንዱ በጆሮው ይነግራል። ይህን ሰው ወፍ ይሉታል። ወፍ ስሙ አይነሣም፤ ቃሉ ግን ይታመናል። ሁለት ቀን ተቀምጠው ምንም አልተገኘም። ጎረቤቱም ተነሥቶ ማለ፤ መንጋጋው አብጦ ስለ ነበር ቃሉ በደንብ አይሰማም። የሽማግሌው ልጅ ከፊት ለፊቱ ተቀምጦ፣ ግንባሩ ላይ ያለውን ቁስል እያሻሸ ሙሉ ቀን ዓይኑን አልነቀለበትም። ሰውየው በዚህ ስብሰባ ነጻ ካልወጣ እንደሚገደል የማያውቅ አንድም ሰው እዚያ አልነበረም። እኔም አውቅ ነበር።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ወፍ ለመሆን ወሰንኩ። ከሦስቱ አንዱን፣ ዕድሜያቸው የገፋውን፣ ከቤታቸው ጓሮ አገኘኋቸው። ፋብሪካው ማለት አቃተኝ፤ ያቺ ቃል ከአፌ ከወጣች የሚመጣው እሳት ታየኝ። ስለዚህ ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ወርቁን በሰም ሸፈንኩት።

"አባቴ፣ ነገሩ የመጣው ከአጥሩ ማዶ ነው። ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።"

"ከአጥሩ ማዶ?"

"አዎ።"

"ትምላለህ?"

"እምላለሁ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። የገባቸው መሰለኝ፤ አስተዋይ ሰው ናቸው፣ ሰውየውን ነጻ አውጥተው ነገ ከመሐንዲሱ ጋር በዘዴ ይጨርሱታል አልኩ። ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ ሄድኩ። እንዲያውም ራት በላሁ።

በማግስቱ ከሰው ኋላ ቆሜ ነበር። በጆሯቸው የነገርኳቸው ሽማግሌ ዳኛ ከመካከል ተነሡና "ወፏ ተናግራለች" አሉ። "ነገሩ ከአጥሩ ማዶ ነው ብላለች፤ ምላለች።"

ሰው ሁሉ ወደ ጎረቤቱ ዞረ። ለምን ወደ እሱ እንደሚያዩ ለትንሽ ጊዜ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። እነዚህ ሰዎች የእኛን አጥር አጥር ብለው አያውቁም። ቆርቆሮው ነው የሚሉት፤ የቆርቆሮው ሽታ፣ የቆርቆሮው ሣር፣ እኔም የቆርቆሮው ሰውዬ ነኝ። አጥር ለእነሱ ገበሬ በእጁ የሚተክለው ነው። በሽማግሌው መሬት ላይ ያለው አጥር አንድ ብቻ ነው፤ ከጎረቤቱ የሚለያቸው የቀጋ አጥር። ሦስት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ይህን ልብ አላልኩም።

ዳኛው ስለ ካሣ መናገር ጀመሩ፤ ሦስት ላም በሦስት ላም እያሉ። ልጁ አልጠበቀም። ምሳሩን ከጋቢው ሥር ይዞት ነው የመጣው። ተነሣና ተራመደ፤ አልሮጠም። "ቆርቆሮው ነው" አልኩ፤ ድምፄ ሩቅ የሄደ አይመስለኝም። "ቆርቆሮው ነው፣ እኔ ያልኩት ቆርቆሮውን ነው።" ከፊቴ የነበረው ሰው ዞር ብሎ ዝም በል አለኝ። ጎረቤቱ ሊመክት ያነሣው የታሰረ ክንዱን ነበር። የመጀመሪያው ምት ቀርከሃውንም ክንዱንም ሰበረ። ሁለተኛው አንገትና ትከሻው መገናኛ ላይ ገባ። ሦስተኛው አላስፈለገም፤ ልጁ ግን መታው፣ አራተኛም መታው። የዚህ ሰው ደም ቀይ ነበር። ሚስቱ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ እላዩ ላይ ስትወድቅ ልጁ ምሳሩን እንደ ያዘ ወደ ወረታ ፖሊስ ጣቢያ በእግሩ ሄደ፤ ያገደው የለም።

እኔ ወደ ፋብሪካው ሄድኩና መሐንዲሱን መታሁት። ሁለት ጥርሱን አወለቅሁለት። ጥበቃው ነው የገላገለን፤ እያሳለ። ጀግና መሆን ለማንም በማይጠቅምበት ሰዓት እንዲህ ቀላል ነው። በዚያው ቀን ሥራዬን ለቀቅሁ፤ ማማው ግን ሌላ ኦፕሬተር አገኘና መንፋቱን ቀጠለ።

ከፋሲካ በኋላ፣ ወደ አገሬ ከመሄዴ በፊት፣ ሽማግሌውን ላያቸው ሄድኩ። በረቱ ባዶ ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቫልቩን፣ ሣሩን፣ ወፍ መሆኔን፣ አጥር ስል ምን ማለቴ እንደ ነበር። መሬት መሬት እያዩ ሰሙኝ።

"አሁን ይኸን የምትነግረኝ እኔ እንዳርፍ ነው፣ አንተ እንድታርፍ?" አሉኝ።

ወደ ባዶው በረት ዞርኩ።

"ልጄ እስር ቤት የሚተኛው የገደልኩት መርዘኛ ነው ብሎ ነው። ሌላ የቀረው ነገር የለም። ይቺን ደግሞ አትንሣው።" ቀና ብለው አዩኝ። "ወተቴን ጠጥተሃል። ለምኜ አላውቅም፤ ዛሬ ለመንኩህ።"

"እሺ" አልኳቸው። ከልቤ ነው ያልኩት። ምን ልበል? ላሞቻቸውን ገድያለሁ፤ ልጃቸውን ነፍሰ ገዳይ አድርጌያለሁ፤ የለመኑኝ ዝምታ ብቻ ነው፤ ዝምታ ደግሞ እችልበታለሁ።

ከግቢያቸው ወጥቼ ወደ አውራ ጎዳናው ስደርስ የሟቹን ሚስት አየኋት። የሐዘን ልብሷን ለብሳ፣ ቦዩ ከሽማግሌው መሬት ወጥቶ ከመንገዱ ዳር በሚያልፍበት ቦታ ጎንበስ ብላ ሣር ታጭዳለች። ጠቆር ያለው፣ ጉልበት የሚያልፈው ሣር ነው። አጠገቧ ያቺ ጊደር ታስራ ቆማለች፤ የቀረቻቸው እሷ ብቻ ነበረች። ሰላም እንኳ ሳልላት አለፍኳት። አሥር እርምጃ ያህል ሄድኩ። እሺ ብያለሁ፤ ይቺን ሴት የሚያናግራት ሰው የለም፣ የመርዘኛ ሚስት ናት፤ ጊደሯም ብትሞት የእግዜር ቁጣ ነው ይባልና ያልፋል። ይህን ሁሉ እየተራመድኩ አሰብኩ። ከኋላዬ የማጭዱ ድምፅ ይሰማኛል።

ተመለስኩና ማጭዱን ያዝኩ። የያዝኩት ስለቱን ነው። ልነጥቃት የመጣሁ መስሏት ወደ ራሷ ሳበችው፤ መዳፌን ከዳር እስከ ዳር ሰነጠቀው። በሌላ እጇ ፊቴን ቧጠጠችኝ፤ ተያይዘን ቦዩ ውስጥ ወደቅን። ያ ጥቁር ውሃ ቁስሌ ውስጥ ሲገባ እንደ እሳት ነው የፈጀኝ። ሣሩን ከእጇ እየነጠቅሁ እበትነው ጀመር።

"እቴ፣ ጊደርሽን ይገድላታል። ሣሩ ነው። ከቆርቆሮው የሚፈሰው ነው ሣሩን የሚመርዘው። የሽማግሌውንም ላሞች የገደለው ይኸው ነው።"

መታገሏን አቆመች። ሽማግሌው ጩኸቱን ሰምተው ወጥተው፣ በበራቸው ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ቆመዋል። እሷ በመጀመሪያ እሳቸውን አየች፤ ከዚያ የበተንኩትን ሣር አየች፤ ከዚያ እኔን።

"ታዲያ ባሌን ምን ገደለው?" አለችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳት፤ ሽማግሌውም እንዲሰሙ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።